ጋሼ ያልጻፈው ይቅርታ

ጋሼን በጽሑፉ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀንድ ያለው ፍጡር አድርጎ ቢስለው አይፈረድበትም። ቀርበው የሚያውቁት ግን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር መሆኑን፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ገበያ እንደሚወጣ፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ በነጻ እንደሚጠግን ያውቃሉ። ታላቅ እህቱ፣ "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔን ወንድም ሁለቱም ባንድ ዓመት ደረሱበት" እያለች ትስቅበታለች። እሱም ራሰ በራውን እያሻሸ አብሯት ይስቃል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የዚህችው እህቱ ልጅ ናት። አባቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት ጋሼ ነው ማለት ይቻላል። አሮጌ ኮምፒውተር ፈታቶ ሆዱን ያሳያት፣ መልሶ መግጠሙን ደግሞ ለእሷ የተወላት እሱ ነው። አሁን በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጣ ቀጠሮ ትይዛለች። በተረፋት ሰዓት ደግሞ ደመወዝ የሌለው፣ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው ሌላ ሥራ አላት፤ የኢሜይል ሊስቶች ትጠብቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ የተዋሰው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመልስ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጻፈ። ሸጦ ሊከብርበት ይችል ነበር፤ አንጀቱ አልቻለም። ኮዱን እንዳለ ለዓለም ከፍቶ፣ "የፈለገ ይውሰድ፣ የቻለ ያሻሽል" አለ። ወሰዱት፤ አሻሻሉትም። ዛሬ በየአገሩ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ይገለገልበታል። የሚያበለጽጉት፣ የሚተረጉሙትና የሚፈትሹት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዓይን ተያይተው አያውቁም። የሚገናኙት በሊስት ነው፤ አንዱ ወደ ሊስቱ አድራሻ ይጽፋል፣ ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እንዲህ እያለ ክርክሩ ይጦፋል።

ሊስቶቹ ግን እንደ ጓሮ አረም ተባዝተው ነበር። ለአሮጌው እትም አንድ፣ ለአዲሱ አንድ፣ ለአታሚ ማሽን ችግር አንድ፣ ማን እንደከፈተው የማይታወቅ ባዶ ሊስት ደግሞ ሦስት። አንዱ ጥያቄ በአንዱ በኩል ተመልሶ በሌላው በኩል እንደ አዲስ ይጠየቃል። እሷ ክረምቱን ሙሉ ስትለቅም ከርማ አራት ብቻ አስቀረች፤ የተጠቃሚዎች፣ የአበልጻጊዎች፣ የተርጓሚዎችና የማስታወቂያ። ሁሉንም ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወረቻቸው። በአዲሱ አሠራር ሰው ከፈለገ በራሱ ኢሜይል፣ ከፈለገ ደግሞ በቀጥታ በሊስቱ ድረ ገጽ ላይ መጻፍ ይችላል። የጋሼ ዕድሜ ጠገብ የኢሜይል ፕሮግራም ከአዲሱ ሰርቨር ጋር አልስማማ ስላለ፣ እቤቱ ሄዳ ገጹን ከፈተችለትና "እዚህ ጻፍ፤ እዚህ ተጫን፤ በቃ" አለችው። "ቤተሰብን በአራት ክፍል ከፋፍለሽ አስቀመጥሽው" ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በገጹ ብቻ ይጽፍ ጀመር።

በዚሁ ሰሞን አንዲት አዲስ ተርጓሚ መጣች። ገና ጀማሪ ናትና አንዱን ጥያቄ በሦስት ሊስት ላይ ለጠፈችው። ጋሼ መለሰላት፦ "ማንበብ የማይችል ሰው በቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ውስጥ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ፊደል ቁጠሪ፤ ከዚያ ትመጫለሽ።"

ልጅቷ ድምፅዋ ጠፋ። ጓደኞቿ ግን ዝም አላሉም፤ "እኛ በትርፍ ጊዜያችን ልንረዳ መጣን እንጂ ልንሰደብ አልመጣንም" ብለው ጻፉ። ጋሼ ሰው ሲያስቀይም የመጀመሪያው አልነበረም። የበጎ ፈቃደኞቹ ማኅበረሰብ ኮሚቴ በስልክ ተሰበሰበና የጋሼን የእህት ልጅም፣ ሊስት ጠባቂዋን፣ አስገባት።

"እህቴ፣" አላት ሰብሳቢው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ የሚናገረው ግን አይለሰልስም። "አጎትሽ የሁላችንም አባት ናቸው። ግን ደንብ ደንብ ነው። ማቆያ ይግቡ።"

ማቆያ ማለት እንዲህ ነው። ማቆያ የገባ ሰው የሚጽፈው ለአባላቱ በቀጥታ አይሄድም፤ ጠባቂዋ ዘንድ ይቆያል። እሷ አንብባ "ይለፍ" ወይም "ይጣል" ትላለች። ደንቡ ደግሞ የታገደው ሰው መታገዱ ይነገረው ይላል።

"እኔ እነግረዋለሁ" አለች። "ከሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ።"

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ከውስጥ የጥርስ መሰርሰሪያው እየጮኸ፣ የጋሼን ስም አውጥታ ማቆያ ውስጥ አስገባችው። ከስሙ ሥር "ለላኪው አሳውቅ" የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ በውስጡ ምልክት አለ። ይህ ምልክት ካለ፣ ጋሼ በጻፈ ቁጥር "መልእክትዎ ተይዟል" የሚል ደረቅ ማስታወቂያ ከማሽን ይደርሰዋል። ቅስሙ ሲሰበር ታያት። ምልክቱን አነሳችው። እሁድ እቤቱ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብላ ነው።

እሁድ ሄደች። ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ይበይዳል። "ነይ ነይ፣ ያዢልኝ ይቺን ሽቦ" አላት። ያዘችለት። ሬዲዮው ሲናገር እንደ ሕፃን ጨፈረ። እንዲህ ደስ ብሎት ሳለ እንዴት ይነገራል? ለሚመጣው እሁድ አለች። የሚመጣው እሁድ ጉንፋን ይዞት አገኘችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" የሚል ጥያቄ ስለሚያስከትል ነገሩ በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ። ፈሪ አልነበረችም፤ እሱን ግን ትፈራው ነበር፤ ቁጣውን ሳይሆን ማዘኑን።

የጋሼ መልእክቶች ማቆያው ውስጥ እየገቡ ተደረደሩ። ስድብ ያለባቸውን ጣለች። ደህናዎቹን አሳለፈች። የሚያስቸግሩት ግማሽ ማር ግማሽ እሬት የሆኑት ነበሩ፤ ጋሼ ደግሞ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው።

አንድ ቀን ያችው ተርጓሚ፣ ስንት ጊዜ አመንትታ ይሆናል፣ እንደገና ጥያቄ ጻፈች። አዲሱ እትም ሊወጣ ነው፤ የብድር መመዝገቢያው ገጽ በእሷ ቋንቋ ሲከፈት ቃላቱ ይገለባበጣሉ፤ ምክንያቱን ያወቀ የለም። ጋሼ ያውቃል፤ ያንን ገጽ የጻፈው እሱ ነዋ። ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ምሳሌ እየሰጠ፣ በረጅሙ አስረዳት። ወርቅ የሆነ መልስ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን፣ "ይህም ካልገባሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ" ብሎ ዘጋው።

ጠባቂዋ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ብትጥለው ሥራው ይቆማል። ብታሳልፈው ልጅቷ ለዘላለም ትሄዳለች፤ ኮሚቴውም ጋሼን ከነጭራሹ ያስወጣዋል። ሰርቨሩ በእጇ ነው፤ የተያዘውን መልእክት ፋይል ከፍታ መለወጥ ትችላለች፤ የምታስቸግረውም አንዲት መስመር ብቻ ናት። መስመሯን ሰረዘቻት። ሲያዩት ደብዳቤው መሃል ላይ የተቆረጠ መሰለ። ስለዚህ በቦታዋ አንዲት ሌላ መስመር ጻፈች፦ "ባለፈው ስለተናገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።" ከዚያ "ይለፍ" አለች። አንድ በሽተኛ ጉንጩን ይዞ ፊቷ ቆሞ ነበርና ቶሎ ብላ ወደ ቀጠሮው ተመለሰች።

ሊስቱ በደስታ ተሞላ። "ጋሼ ተለወጡ!" "ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው!" ተርጓሚዋ ራሷ፣ "ይቅርታዎ ልቤን ነካው፤ ከእርስዎ ብዙ መማር እፈልጋለሁ" ብላ ጻፈች። ሰብሳቢው ለጠባቂዋ ለብቻዋ፣ "ምን ብለሽ አሳመንሻቸው?" አላት። ደስ አላት። አዎ፣ ዋሽታ ደስ አላት፤ ይህንን መደበቅ አይቻልም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ጠራት። ሻይ አቀረበላትና ስክሪኑን አዞረላት።

"ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው? መቼ ነው እኔ ይቅርታ የጠየቅኳት?"

"መልስ ጽፈህላት የለ፣ ጋሼ?"

"ጻፍኩ እንጂ። ይቅርታ ግን አላልኩም። እንዲያውም መጨረሻው ላይ የሰደብኳት ይመስለኛል... እኔ እንጃ።"

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጽፈህ ረስተኸው ይሆናላ።"

ጋሼ ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰ። ወደ ገጹ ገብቶ የራሱን መልእክት ፈልጎ አወጣው። ከላይ ስሙ አለ። ማብራሪያው የእሱ ነው፤ ምሳሌዎቹም የእሱ ናቸው። መጨረሻው ላይ ይቅርታው አለ። ጣቱን መስመሯ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። "አዎ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ጽፌዋለሁ ማለት ነው።" ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

እሷ ነገሩ ያለቀ መስሏት ወጣች።

ከዚህ በኋላ ጋሼ ብዙም አልጻፈም። የጻፈውም ፍጹም ትሑት ነበር፤ "ካልተሳሳትኩ" እና "ምናልባት" የሞሉበት። ማቆያው ውስጥ የሚጣል ነገር ጠፋ። የታረመ መስሏት ነበር፤ ኮሚቴው ጋ ሄዳ እገዳውን ልታስነሳለትም አሰበች። ከዚያ እናቷ ክሊኒክ ድረስ ደወለች። እናቷ ሥራ ቦታ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

"ወንድሜ ምን ሆኗል?" አለች እናቷ። "የጋዝ ምድጃውን ለጎረቤት ሰጠው! ቀዝቃዛ ዳቦ እየበላ ነው የከረመው። ለምን ስለው 'እሳት አብርቼ ብረሳስ' ይለኛል። እንደ አባታችን ሊሆን ነው እንዴ? እኔኮ አንድ ለቅሶ በቃኝ።"

አባታቸው፣ የእሷ አያት፣ በመጨረሻው ዘመኑ የገዛ በሩ ላይ ቆሞ "ይሄ የማን ቤት ነው?" ይል ነበር። ይህንን ቤተሰቡ አውቆ አያነሳውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ቤቱ ከመጠን በላይ ተስተካክሏል። መሣሪያዎቹ በየመጠናቸው ተደርድረዋል፤ የሚበየድ ሬዲዮ የለም። ምድጃው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ የጢሱ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ሹራቡን በትክክል ለብሶ ተቀምጧል፤ ይህ ከሁሉ በላይ አስደነገጣት።

"ለእናትሽ ሁሉንም አልነገርኳትም" አለ። "ላንቺ ልንገርሽ። ያልጻፍኩትን ጽፌያለሁ፤ በዓይኔ አየሁት። ላክሁት የምለው ደግሞ የለም። አንድ ቀን ለአበልጻጊዎቹ በቁጣ ጻፍኩ፤ ትዝ ይለኛል፣ ጣቴ እስኪያመኝ። ገጹን ብፈትሽ የለም። ሌላም ጻፍኩ፣ የለም። ታዲያ አልጻፍኩትም ማለት ነዋ፤ አስቤው ብቻ ነው የቀረው። አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው።"

"ጋሼ..."

"ቆይ ልጨርስ። መጀመሪያ አንድ ሰው እየተጫወተብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቁልፉ ያለው በማን እጅ ነው ብዬ አሰብኩ። ባንቺ እጅ ነው። እሱን ሳስብ ሰውን መጠርጠሬን ተውኩ።" ወረቀት አንስቶ ሰጣት፤ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። "ሰኞ የነርቭ ሐኪም ያየኛል። ፕሮግራሙን ላንቺ አስረክባለሁ። ካንቺ በቀር የማምነው የለኝም።"

እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሳታስተባብልና ሳታቆነጃጅ ሁሉንም ነገረችው። ማቆያውን፣ ያነሳችውን ምልክት፣ የጣለቻቸውን መልእክቶች፣ የሰረዘችውን መስመር፣ በቦታዋ የጻፈችውን።

ጋሼ መጀመሪያ የያዘው ጥፋቷን አልነበረም።

"እና ደህና ነኝ?" አለ።

"ደህና ነህ ጋሼ። አንድም ነገር አልረሳህም።"

"በቁጣ የጻፍኩትን ጽፌዋለሁ?"

"ጽፈኸዋል። እኔ ነኝ የጣልኩት።"

ተነሳ። ሳቀ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ በክፍሉ ውስጥ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ደህና ነኝ! ወይኔ አምላኬ፣ ደህና ነኝ!" ትከሻዋን ይዞ ወዘወዛት። እሷም ሳቀች፤ እያለቀሰች። ለዚያች አፍታ ነገሩ ሁሉ ይቅር የተባለ መሰላት።

ከዚያ እጁ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።

"'ጽፈህ ረስተኸው ይሆናላ' ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ። ሻዬን እየጠጣሽ።"

እንደሚጮህባት ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህባት በወደደች። ጋሼ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ቅስምህ እንዳይሰበር ብዬ ነው።"

"እንዲህስ አልተሰበረም?" አለ፤ ባዶውን የምድጃ ቦታ እያየ።

ስልኳን አወጣች። "አሁኑኑ ከማቆያው አወጣሃለሁ፤ እዚሁ ፊትህ።"

"እንዳትነኪው" አለ። "እንዳለ ይቆይ። አሁን ሂጂ።"

ለምን እንዲህ እንዳላት አልገባትም። ሰኞ ረፋዱ ላይ ገባት። ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ መሰርሰሪያው ይጮሃል፤ ማቆያው ውስጥ አንዲት መልእክት ገባች። ከጋሼ ናት፤ ለአራቱም ሊስት።

"ለአባላት በሙሉ። በስሜ ለተርጓሚዋ የቀረበውን ይቅርታ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። የጻፈችው ሊስቶቻችንን የምትጠብቀው የእህቴ ልጅ ናት። መታገዴም አልተነገረኝም ነበር። ኮሚቴው ስላገደኝ አልከፋኝም፤ አፌን አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሰውን ቃል የሚለውጥ እጅ በር ላይ ሊቀመጥ አይገባውምና ቁልፉን ተቀበሏት። ሌላም አለ፤ እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

"ለተርጓሚዋ፦ ከእኔ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልደረሰሽም። የተናገርኩሽ ነውር ነው። አንድ ሰው ይህን ፊት ለፊት ቢነግረኝ ኖሮ ያኔውኑ እጠይቅሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህችን የጻፍኳት እኔ ነኝ።"

መልእክቷን ከእሷ በቀር ያየ ሰው የለም። እሱም ይህንን አውቆ ነው የላካት። ሁለቱ ምልክቶች ከሥር ተደርድረዋል፤ ይለፍ፣ ይጣል። ብትጥላት ሌላ እንደማይልክም ታውቃለች፤ በሌላ መንገድ ለኮሚቴው መጻፍ ሲችል በእሷ በር በኩል ነው የመጣው። "ያኔውኑ እጠይቅሽ ነበር" የምትለዋን መስመር ደግማ አነበበቻት። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠነቀቅለት የከረመችው ሰው፣ አንድ እሁድ ብትነግረው ኖሮ፣ ራሱ ያደርገው ነበር። ይህንን ስታውቅ ከጥፋቷ ሁሉ የበለጠ አመማት፤ አሳድጓት እንኳ አላወቀችውም ማለት ነው።

"እህት፣ ተራዬ አልደረሰም?" አለ አንድ አረጋዊ።

"ደርሷል አባቴ፣ ይግቡ።"

አንዲት ፊደል ሳትነካ "ይለፍ" አለች። ከዚያ የጋሼን ስም ከማቆያው አወጣች፤ ለኮሚቴውም የሰርቨሩን ቁልፍ የምታስረክበው ለማን እንደሆነ ጠይቃ ጻፈች። መልእክቷ ለአባላት ሁሉ ስትደርስ ለእሷም እንደ ማንኛውም አባል ደረሰቻት።

ከሥራ ስትወጣ እናቷ ደወለች፤ ድምፅዋ እንደ ሠርግ ቤት ነው።

"ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ! ሐኪሙ 'ምንም የለብዎትም' ብሎ ሰደደው። እኔንም ዛሬ እንደ ድሮው ሰደበኝ፤ ደስ አይልሽም? ምን ብለሽ ነው የመለስሽልኝ?"

"እማዬ፣ እኔ..."

"ቆይ። እሁድ ሁላችንም እኔ ጋ ምሳ እንብላ ስለው ግን 'እሷ ካለች ይቅርብኝ' አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም።" የእናቷ ድምፅ ወረደ። "ምን አድርገሽው ነው?"

እሷ ፌርማታው ላይ ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰዎች ተሳፈሩ፤ ሄደ። እናቷ ስልኩን ሳትዘጋ መልሷን ትጠብቅ ነበር።